«በረዶ» ስንት ነገር ይሸከማል? በሰሜናዊ ሐይቅ ዳር ስለ ብርድ ወራት መግቢያ የሚነገሩ ስያሜዎች

«በበረዶ የተሸፈነ በረዶ ቀጭን ሊሆን ስለሚችል በረዶው ላይ ከመውጣት መጠንቀቅ ያስፈልጋል።» ይህ ዐረፍተ ነገር በሰዋስው ረገድ እንከን የለበትም። ሐይቅና ወንዝ በብርድ ከሚጠጥርበት አገር የወጣ የማስጠንቀቂያ ጽሑፍ በአማርኛ ይተርጎም ቢባል፣ ቃል በቃል ሲሄዱ የሚገኘው ይኸው ወይም ይህን የመሰለ ነው። ነገር ግን «በረዶ» የሚለው ስም ሦስት ጊዜ ሲጠቀስ፣ የመጀመሪያው ከሰማይ የወረደውን ነጭ ብናኝ፣ ሁለተኛው ውሃው ራሱ ጠጥሮ የሠራውን ክዳን ያመለክታል። ሦስተኛው ከሁለቱ የትኛው እንደሆነ ከዐረፍተ ነገሩ ለማወቅ አይቻልም። አንባቢው ምናልባት የሚረዳው እንዳያንሸራትተው እንዲጠነቀቅ መመከሩን ነው። የጽሑፉ ባለቤት ግን ሊል የፈለገው ከእግር በታች ያለው ተሰብሮ ሰው ውሃ ውስጥ ይገባል ነው። በስዊድን፣ በኖርዌይና በፊንላንድ የሚኖሩ አማርኛ ተናጋሪዎች እንዲህ ያለውን ማስታወቂያ የሚያነቡት ልጆቻቸውን ለጨዋታ ወደ ውጭ ሊሰዱ ሲሉ ስለሆነ፣ በመንሸራተትና በመስጠም መካከል ያለውን ልዩነት የመጠበቁ ኀላፊነት በተርጓሚው ላይ ይወድቃል።

ይህን ችግር ቃላትን ከአንድ መዝገበ ቃላት ወደ ሌላው በማዛወር ማቃለል አይቻልም። ስያሜ የሚፈተነው ከነገሩ ጋር ፊት ለፊት ሲገናኝ ነው። ስለዚህም በዚህ ጽሑፍ አንድ ቦታና አንድ ወቅት መርጠን፣ በዚያ የሚታየውንና የሚሠራውን እየተከተልን የአማርኛ ቃሎቻችንን አቅም እንመረምራለን። ቦታው በሰሜን ፊንላንድ፣ ላፕላንድ ውስጥ የሚገኘው የኢናሪ ሐይቅ ነው። ሐይቁ በሰሜን ኬክሮስ 69ኛው ዲግሪ አካባቢ፣ ከአርክቲክ ክበብ በላይ የተዘረጋ ሲሆን፣ ስፋቱ ከ1,000 ካሬ ኪሎ ሜትር ይበልጣል፤ የጣናን ሢሶ ያህላል ማለት ነው። በጥልቀት ግን ጣና አይደርስበትም፤ ኢናሪ ከ90 ሜትር በላይ የሚዘልቅበት ስፍራ አለው። ከ3,000 የሚበልጡ ደሴቶች በላዩ ተበትነዋል። በዳርቻው የሚኖሩት ፊንላንዳውያንና ሳሚዎች ናቸው። በኢናሪ ወረዳ ሦስት የሳሚ ቋንቋዎች የሚነገሩ ሲሆን፣ ከእነርሱም አንዱ የሐይቁን ስም የያዘው የኢናሪ ሳሚ፣ ተናጋሪዎቹ በመቶ የሚቆጠሩ ብቻ ናቸው። ሐይቁ አብዛኛውን ጊዜ በኖቬምበር ክዳኑን ይለብሳል፤ የሚገለጠውም በጁን መግቢያ ገደማ ነው። የምንመረጥመው ወቅት ከኦክቶበር እስከ ዲሴምበር መጨረሻ ያለው ነው።

ገና ከመነሻው የወቅቱ ስም ያሰናክላል። በትምህርት መጻሕፍታችን አራቱ የአውሮፓ ወቅቶች ሲዘረዘሩ፣ ብርዱ ወቅት «ክረምት» መባሉ የተለመደ ነው። ይህ አጠራር ከመጽሐፍ ቅዱስ ትርጉም ጀምሮ የቆየ ከመሆኑም በላይ በዚያ ስፍራው ቅር አያሰኝም፤ በፍልስጥኤም ምድር ዝናቡ የሚዘንበው በብርዱ ወራት ስለሆነ ቃሉና ነገሩ በዝናብ በኩል ይገናኛሉ። በኢናሪ ግን ከዓመቱ ወራት ብዙ ዝናብ የሚወርደው በጁላይና በኦገስት፣ ፀሐይ በምትበረታበት ጊዜ ነው። ወደ እኛ ዘመን አቈጣጠር ስንመለስ ደግሞ ክረምት ከሰኔ 26 እስከ መስከረም 25፣ መጸው ከመስከረም 26 እስከ ታኅሣሥ 25፣ በጋ ከዚያ እስከ መጋቢት 25፣ ጸደይ እስከ ሰኔ 25 ይዘልቃል። በዚህ አከፋፈል መሠረት ሐይቁ የሚጠጥርበት ኖቬምበር ሙሉ በሙሉ በመጸው ውስጥ ይወድቃል። እንግዲህ ተርጓሚው «በክረምት መግቢያ ሐይቁ ይጠጥራል» ብሎ ቢጽፍ የአገር ቤት አንባቢ ሰኔን፣ ጭቃንና ጃንጥላን ያስባል። «በመጸው ይጠጥራል» ቢል ደግሞ ቀኑ ይገጥምና ስሜቱ ይጠፋል፤ መጸው ለእኛ የአደይ አበባና የእሸት ወራት ነውና።

በእኛ አስተያየት «ክረምት» በትምህርት ቤቱ አጠቃቀም ሥር ስለ ሰደደ ነቅሎ መጣል አይሞከርም። ቀንና ወር ቁም ነገር በሆነበት ጽሑፍ ግን «የብርድ ወራት» ማለቱ ይሻላል፤ መጀመሪያውንም «የብርድ ወራት መግቢያ» ብሎ መለየት ይቻላል። በዚህ ረገድ የሰሜን ሳሚ ቋንቋ ጥሩ አብነት ይሰጣል። ሳሚዎች ዓመቱን በስምንት ወቅቶች ይከፍላሉ፤ ከእነዚህም አንዱ «ቻክቻዳልቪ» ሲሆን፣ «ቻክቻ» ከሚለው የመጸው ስምና «ዳልቪ» ከሚለው የብርድ ወራት ስም የተጣመረ ነው። ሁለቱ ወቅቶች በድንበር እንደማይለያዩ፣ ይልቁንም በመካከላቸው ራሱን የቻለ ጊዜ እንዳለ ስሙ ይናገራል። የፊንላንድ የአየር ጠባይ ባለሙያዎችም ወቅቱን በቀን አይወስኑም። የቀኑ አማካይ ሙቀት ከዜሮ ዲግሪ በታች ወርዶ በዚያው ሲጸና የብርዱ ወራት ገባ ይላሉ፤ ይህም በላፕላንድ ብዙ ጊዜ በኦክቶበር ይሆናል። ገበሬያችን ዘመን መቍጠሪያውን ሳይመለከት፣ ሰማዩንና ደመናውን አይቶ «ክረምት ገባ» ከሚለው ጋር ይህ አነጋገር ይቀራረባል።

ወደ ብርዱ ራሱ እንለፍ። አማርኛ «ብርድ» ሲል አዲስ አበባ ላይ በጥቅምት ማለዳ የሚሰማውንም፣ አፍንጫ የሚቈርጠውንም በአንድነት ያጠቃልላል። ፊንላንድኛ ከዜሮ ዲግሪ በታች ያለውን የአየር ሁኔታ ለይቶ «ፓካነን» ይለዋል፤ ሰዎቹም ሙቀቱን ሲናገሩ «ከዜሮ በታች» ማለት ሳያስፈልጋቸው «የሃያ ዲግሪ ፓካነን» ብለው ያልፋሉ። ለዚህ የሚሆን ቃል መፍጠር አይገባንም፤ ከግእዝ የወረስነው «ቍር» በእጃችን አለ። «ቍር» ከብርድ የጠነከረውን፣ አጥንት የሚያንቀጠቅጠውን እንደሚያመለክት ደገኛ ሁሉ ያውቃል። ይህን ስም በሙያ ጽሑፍ ከዜሮ ዲግሪ በታች ላለ የአየር ብርድ ብቻ ብንወስነው፣ «የሃያ ዲግሪ ቍር» የሚለው ሐረግ አጭርም ግልጽም ይሆናል።

«ውርጭ» ግን ለዚህ እንዳይሰጥ እንመክራለን፤ ብዙ ተርጓሚዎች በመጀመሪያ የሚያነሡት ይህንኑ ቃል ስለሆነ ነገሩን ማብራራት ያስፈልጋል። በመንዝ ወይም በደብረ ብርሃን አካባቢ በጥቅምትና በኅዳር፣ ሰማይ ጠርቶ ነፋስ ጸጥ ባለበት ሌሊት፣ ያልደረሰውን እህል አቃጥሎ የሚያድረው ውርጭ ነው። ቃሉ ከዚህ የተነሣ ከደጋ በላይ ለሚገኘው ከፍተኛ ምድርም ስም ሆኖአል። ፊንላንድኛ ለዚሁ ነገር ቁርጥ ያለ ቃል አለው፤ በአብቃይ ወራት ሌሊት ወርዶ አዝመራ የሚያጠፋውን ብርድ «ሃላ» ይለዋል። የመንዝ ገበሬና የፊንላንድ ገበሬ በዚህ ቃል ያለ አስተርጓሚ ይግባባሉ ቢባል ማጋነን አይሆንም። እንግዲህ «ውርጭ» ተጓዳኙን አግኝቶአል፤ ወደ ኖቬምበር ሐይቅ ጎትቶ መውሰድ ይህን ግጥምጥም ማፍረስ ነው።

በኢናሪ ዳር ቍሩ ከገባ በኋላ ማለዳ ላይ በሣሩ፣ በጀልባው ጠርዝና በመረቡ ገመድ ላይ የሚታየው ነጭ እሾኻማ ልባስ በፊንላንድኛ «ኩራ» ይባላል። ይህን «የረጋ ጤዛ» ማለት ያምራል፤ ስሕተት ግን ነው። ጤዛ በመጀመሪያ ውሃ ሆኖ ይጠራቀማል፤ ይህ ነጭ ልባስ ግን በአየር ውስጥ ያለው እንፋሎት በውሃነት ሳያልፍ በቀጥታ ወደ በረዶነት ተለውጦ የሚሠራው ነው። ግእዝ ለዚህ «አስሐትያ» የሚል ስም አለው። ቃሉ ለተራው አንባቢ እንግዳ መሆኑን አንክድም፤ ስለዚህ በሙያ መጻሕፍት «አስሐትያ»፣ በማስታወቂያና በጋዜጣ «የማለዳ አመዳይ» ቢባል ሁለቱም ወገን ድርሻውን ያገኛል።

አሁን ወደ ዋናው ጕዳይ ደረስን። «በረዶ» በመሠረቱ ከሰማይ እንደ ጠጠር የሚወርደው ነው። የግእዙ «በረድ»፣ የዕብራይስጡ «ባራድ»፣ የዐረብኛው «በረድ» ሁሉም ይህንኑ ያመለክታሉ። ግእዝ ከዚህ ጋር «ሐመዳ»ን ለሚወርደው ነጭ ብናኝ፣ «አስሐትያ»ን ለምድር ልባስ ስለያዘ ሦስቱ ነገሮች በሦስት ስሞች ተለይተው ነበር። አማርኛም «ሐመዳ»ን «አመዳይ» አድርጎ ተቀብሎአል። መለያየቱ ግን አልጸናም። በአማርኛው መጽሐፍ ቅዱስ በኢሳይያስ ምዕራፍ 1 ንጽሕና የተመሰለበት ነጭ ነገር «አመዳይ» ሲባል፣ በመዝሙር 51 ያው ነገር «በረዶ» ተብሎአል፤ በዕብራይስጡ ግን በሁለቱም ስፍራ ያለው ቃል አንድ ነው፤ «ሼሌግ»። የመዝሙሩ አማርኛ እንዲህ ሊሆን የቻለው ግእዙ ራሱ በዚያ «በረድ» ስለሚል ነው። እንግዲህ መደባለቁ የዛሬ ተርጓሚዎች ስንፍና ያመጣው እንዳልሆነ መታወቅ አለበት። በኋላም ማቀዝቀዣ መሣሪያ ሲገባ፣ በብርጭቆ ውስጥ የሚጨመረው የጠጠረ ውሃ ያንኑ ስም ወሰደ። በዚህ ዐይነት አንድ ቃል የጠጠሩን፣ የብናኙንና የጠጣሩን ሸክም ተሸከመ። ዐረብኛም ከዚህ ዕዳ ነጻ አይደለም፤ በዕለት ንግግር «ሰልጅ» ሲባል ብናኙም ጠጣሩም ይገባበታል።

የምናቀርበው አስተያየት የሚከተለው ነው። «በረዶ» ከእንግዲህ በሙያ ጽሑፍ ጠጥሮ ድድር ለሆነ ውሃ ይጽና፤ በብርጭቆም ይሁን በሐይቅ ላይ። ከሰማይ የሚወርደውን ድንጋይ መሰል ነገር «የበረዶ ጠጠር» እንበለው፤ ሕዝቡ «በረዶ ዘነበ» ሲል «ዘነበ» የሚለው ግስ ራሱ ስለሚገልጸው ማንም አይሳሳትም። ነጩ ብናኝ «አመዳይ» ይሁን። ተቃውሞ እንደሚነሣ እናውቃለን፤ በሰሜን ደጋዎቻችን «አመዳይ» ሲባል በማለዳ ሣር ላይ የሚታየውን ልባስ የሚያስቡ ብዙዎች ናቸውና። ይሁን እንጂ ሁለቱም ነጭ፣ ቀላልና በፀሐይ የሚጠፉ ናቸው፤ አንዱን ባንዱ የተሳሳተ ሰው ሕይወቱ አደጋ ላይ አይወድቅም። በረዶንና አመዳይን ያሳሳተ ግን ይወድቃል። ስያሜ ሲመረጥ ከሁለት ድብልቅልቆች ጕዳቱ ያነሰውን መታገሥ ተገቢ ነው። ከዚህም ሌላ «አመዳይ» በድምፁ ከ«አመድ» ጋር ስለሚቀራረብ በአንባቢው አእምሮ ልስላሴንና ብትንነትን ያመጣል፤ ይህ በትምህርት ያልመጣ፣ በነጻ የተገኘ ጥቅም ነው።

የመነሻችን ዐረፍተ ነገር በዚህ ሥርዐት «አመዳይ የለበሰ በረዶ ስስ ሊሆን ስለሚችል በረዶውን አትርገጡ፤ ተሰብሮ ያሰጥማል» ይሆናል። «ቀጭን» የሚለው በ«ስስ» መተካቱን ልብ ይሏል። በአማርኛ ቀጭን የሚባለው ክርና በትር ነው፤ እንጀራና ቆዳ ግን ስስ ናቸው፣ የሐይቅ ክዳንም ከእነዚህ ወገን ነው። በአመዳዩ በኩል የሚቀሩት ጥቂት ስሞች ብዙ አያስቸግሩም። ከዝናብ ጋር ተቀላቅሎ የሚወርደውን፣ ፊንላንዳውያን «ራንታ» የሚሉትንና የኢናሪን ኦክቶበር የሚያጨቀየውን፣ «ርጥብ አመዳይ» ማለት ይበቃል። መንገድ ላይ በጫማና በመኪና ጎማ ተረግጦ የሚላቍጠው «ሎስካ» ደግሞ «የአመዳይ ማጥ» ነው።

ውሃው ሲጠጥር የምንጠቀምበት ግስ ከስሙ የበለጠ ወጥመድ አለበት። ቅቤ ይረጋል፣ ወተት ይረጋል፣ ሞራ ይረጋል፤ ስለዚህ «ሐይቁ ረጋ» ማለት በጣም ተፈጥሮአዊ ይመስላል። ነገር ግን ጣና ዳር ላደገ ሰው «ሐይቁ ረጋ» ማለት ማዕበሉ ጸጥ አለ፣ ታንኳ ቢወጣበት አይፈራም ማለት ነው። ነገሩን ይበልጥ የሚያወሳስበው ሐይቅ በእውነትም የሚጠጥረው ማዕበሉ በሚረጋበት ሌሊት መሆኑ ነው። ምክንያቱም ውሃ ከፍተኛ ክብደቱን የሚያገኘው በ4 ዲግሪ ሙቀት ነው። በመጸው የላይኛው ውሃ እየቀዘቀዘ ሲከብድ ወደ ታች ይሰምጣል፤ የታችኛው ወደ ላይ ይወጣል፤ ይህም መገላበጥ ሐይቁ ከላይ እስከ ታች 4 ዲግሪ እስኪሆን ድረስ ይቀጥላል። ከዚያ በኋላ ይበልጥ የሚቀዘቅዘው ውሃ ስለሚቀል በላይ ይቀራል፤ ዜሮ ሲደርስም ይጠጥራል። ነፋስ ካለ ማዕበሉ የላዩንና የታቹን ስለሚያደባልቅ መጠጠሩ ይዘገያል። እንግዲህ ጥልቀት የሌላቸው የኢናሪ ሰርጦች ቀድመው ሲሸፈኑ፣ ሰፊውና ጥልቁ ክፍል ገና ጥቁር ውሃ ሆኖ ሲናወጥ ይቈያል። «ውሃው ጠጠረ» ለነገሩ ባሕርይ፣ «ሐይቁ በረዶ ለበሰ» ለሚታየው ሁኔታ ቢወሰኑ «ረጋ» ለማዕበሉ ይተርፋል።

ጸጥ ባለው ሌሊት ማግስት በሰርጡ ላይ የሚታየው የመጀመሪያው ስስ ክዳን በፊንላንድኛ «ሪቴ» ይባላል። ብርጭቆ የመሰለ፣ ጠጠር ቢወረወርበት የሚሰነጠቅ፣ ሰው የማይሸከም ነው። ለዚህ ስም ስንፈልግ «ቅርፊት»፣ «ገለባ»፣ «ሽፋን» የሚሉትን አይተን፣ ሁሉም ወይ ደረቅ ወይ ወፍራም ሆኖ አገኘናቸው። የሚገጥመው ከወጥ ቤት የመጣው «ስልባቦት» ነው። የፈላ ወተት ሲበርድ በላዩ የሚሠራውን ልባስ የማያውቅ አማርኛ ተናጋሪ የለም፤ ስስነቱን፣ ከራሱ ከፈሳሹ መገኘቱንና በጣት ሲነካ መበጠሱን ቃሉ ያለ ማብራሪያ ያስተላልፋል። «የበረዶ ስልባቦት» የሚለውን ስያሜ በእርግጠኝነት እንደግፋለን።

ስልባቦቱ ቍሩ ከጸና ወደ ታች እየወፈረ ይሄዳል። በዚህ መንገድ ከሐይቁ ውሃ በቀጥታ የሚሠራው ጠጣር በረዶ በጣም የጠራ በመሆኑ ጥልቁ ውሃ ከበታቹ ስለሚታይ ጥቁር ይመስላል፤ ፊንላንዳውያን ግን ከጥንካሬው ተነሥተው «ቴራስያ»፣ ማለትም የብረት በረዶ ይሉታል። ሌላው ዐይነት «ኮህቫ» ነው። አመዳይ በበረዶው ላይ ሲከመር ክብደቱ ክዳኑን ወደ ታች ይጫነዋል፤ ውሃ በስንጥቁ ወደ ላይ ይወጣና አመዳዩን ያርሰዋል፤ የራሰውም አመዳይ ሲጠጥር ነጭ፣ አየር የታመቀበት በረዶ ይሆናል። ከዚህ በላይ ደግሞ አመዳይ እንደ ጋቢ ሙቀት ስለሚይዝ የታችኛው በረዶ እንዳይወፍር ያግዳል። የፊንላንድ ባለሥልጣኖች ለሕዝብ የሚሰጡት መመሪያ፣ አንድ እግረኛ ለመሸከም ቢያንስ 5 ሴንቲ ሜትር፣ ባለ ሞተር ሸርተቴ ለመሸከም 15፣ መኪና ለመሸከም 20 ሴንቲ ሜትር ውፍረት ያለው የብረት በረዶ ያስፈልጋል የሚል ነው። የኮህቫ የመሸከም ዐቅም የዚህ ግማሽ ያህል ብቻ ነው። እንግዲህ ተርጓሚው ቍጥሩን በትክክል ገልብጦ ሁለቱንም በረዶዎች «በረዶ» ብቻ ቢል፣ ትክክለኛው ቍጥር ሐሰት ይሆናል።

ስማቸውን በቀለም፣ «ጥቁር በረዶ» እና «ነጭ በረዶ» ብሎ መለየት በሌሎች ቋንቋዎች የተለመደ ነው። እኛ አልወደድነውም፤ አመዳይ ከለበሰ በኋላ ሁሉም ነጭ ነውና። «ድፍን በረዶ» እና «አረፋማ በረዶ» ቢባሉ ግን የጥንካሬያቸው ምክንያት በስማቸው ውስጥ ይገኛል። «ብረት በረዶ» የሚለውን ቃል በቃል ትርጉም የምንተወው ብረት የሚለው ቃል ከሚገባው በላይ እምነት ስለሚያሳድር ነው። በወንዝ መግቢያና መውጫ፣ በደሴቶች መካከል ባሉ ጠባብ መተላለፊያዎች፣ በቄጤማና በመርከብ ማቆሚያ አጠገብ ድፍኑም በረዶ ስስ ሊሆን ይችላል። በዚህ ምክንያት በብርድ ወራት መግቢያ በበረዶ ላይ የሚሄድ ሰው ከፊቱ እየወጋ የሚፈትንበት ጫፈ ስል ረጅም ብረት ይይዛል፤ በአንገቱም ሁለት እጀታ ያላቸው ሹል ብረቶች በገመድ አንጠልጥሎ ይወጣል። ተሰብሮ ቢገባ በእነዚህ በረዶውን እየወጋ ራሱን ይጎትታል። መሣሪያው «ናስካሊት» ሲባል «ናስካሊ» በፊንላንድኛ የጫማ ሰፊ ወስፌ ነው። ስለዚህ «የበረዶ ወስፌ» ስንል የምናስገባው አዲስ ነገር የለም፤ ሁለቱ ቋንቋዎች በአንድ ዕቃ ተገናኝተዋል።

በረዶው ሰው መሸከም እንደ ጀመረ ዓሣ አጥማጁ መረቡን ከበታቹ ይዘረጋል። ይህን ሥራ በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ማከናወን የሚመረጠው ገና ስስ በሆነ በረዶ ላይ መብሳት ቀላል ስለሆነ ነው። በመስመር እየተራራቁ በረዶው ይበሳና፣ ገመድ የታሰረበት ረጅም እንጨት በአንዱ ገብቶ ከበረዶው በታች እየተገፋ በሚቀጥለው በኩል ይተላለፋል፤ በመጨረሻው ሲወጣ ገመዱ መረቡን ይስባል። በኢናሪ በዚህ ዘዴ ከሚያዙት መካከል ሲካ የሚባለው ነጭ ዓሣ ይገኛል። በበረዶ ላይ የሚበሳው ይህ ክፍት በፊንላንድኛ «አቫንቶ» ነው። ከሳውና ሙቀት ወጥተው በቀዝቃዛው ውሃ የሚነከሩ ሰዎችም የሚገቡት በዚሁ ነው። በትርጉም ሥራ «የበረዶ ጕድጓድ» የሚለው ቀድሞ ወደ አእምሮ ይመጣል፤ ግን ጕድጓድ ሁልጊዜ ወለል አለው፤ የወደቀበት ሰው ይጎዳል እንጂ አያልፍም። አቫንቶ ወለል የለውም። «የበረዶ ቀዳዳ» ማለት ይገባል፤ ቀዳዳ ከወዲህ ወዲያ የሚያሳልፍ ነውና።

በዳርቻው ስላሉት እንስሳት አንድ ቃል እናክል። ሳሚዎች የሚያረቡትን ባለ ቀንድ እንስሳ በአንዳንድ ጽሑፎች «አጋዘን» ተብሎ እናገኘዋለን። የእኛ አጋዘን ግን ከበሬና ከፍየል ወገን ነው፤ ቀንዱንም ዕድሜ ልኩን ይዞት ይኖራል። የሰሜኑ ቀንዱን በየዓመቱ ጥሎ እንደ ገና ያበቅላል። «ሬንዲር» ብሎ በውሰት ማለፍ ይሻላል። እንስሳው አመዳዩን በኮቴው እየጫረ ከሥሩ ያለውን የድንጋይ ሽበት መሰል ዕፅ ይበላል፤ አመዳይ እንኳ ቢወፍር ይህን አያግደውም። የሚገድለው ሌላ ነው። በብርድ ወራት መግቢያ አመዳይ ከወረደ በኋላ አየሩ ለብ ብሎ ዝናብ ቢጥልና ወዲያው ቍሩ ቢመለስ በግጦሹ ላይ የበረዶ ልባስ ይሠራል። ኮቴ አይሰብረውም፤ መንጋው ምግቡን ከእግሩ በታች እያለ ይራባል። የሰሜን ሳሚ ይህን ልባስ «ቹኦህኪ» ይለዋል። ይህን በአማርኛ «የግጦሽ በረዶ» ብሎ መተርጎም ከብት የሚግጠው በረዶ ያስመስላል። «ግጦሽ ዘጊ በረዶ» ብንል ይረዝማል እንጂ አያሳስትም።

ከዲሴምበር መጀመሪያ አንሥቶ እስከ ጃንዋሪ ሁለተኛ ሳምንት ገደማ በኢናሪ ፀሐይ ከአድማስ በላይ አትወጣም። ለዚህ ወቅት የተሰጠውን «ካሞስ» የሚል ስም «የማያቋርጥ ሌሊት» ብሎ መፍታት በጕዞ ጽሑፎች የሚታይ ግድፈት ነው። በወቅቱ አማካይ ቀን እንኳ ፀሐይ እኩለ ቀን ላይ ከአድማስ በታች የምትሆነው በሁለት ዲግሪ ተኩል ያህል ብቻ ነው። ስለዚህ ለጥቂት ሰዓት ሰማያዊ ብርሃን ይሆናል፤ አመዳዩም ያንን ብርሃን ይመልሳል። አማርኛ ለዚህ ብርሃን «ወገግታ» የሚል ቃል አለው፤ የሚጎድለው ወገግ ብሎ ሳይነጋ መልሶ የሚመሽ ቀን ብቻ ነው። «የወገግታ ወራት» ለካሞስ ይበቃዋል ብለን እናምናለን።

ሳንፈታው የቀረው «ኬሊሪኮ» ነው። ቃሉ መንገድ የሚበላሽበትን፣ በተለይም በሐይቅ ዳር በረዶው ጀልባ የማያሳልፍ፣ ሸርተቴም የማይሸከም የሚሆንበትን ጊዜ ያመለክታል። በኢናሪ ደሴቶችና መንገድ በማይደርስባቸው ዳርቻዎች ያለ ቤተ ሰብ በእነዚህ ሳምንታት ከመንደር ይቈረጣል፤ ዱቄትና መድኀኒት ቀድሞ መግባት አለበት። ብርዱ ሲበረታ ግን ሐይቁ ራሱ ጐዳና ስለሚሆን፣ ሰዉ እንዲበርድለት ይመኛል። እኛ ዘንድ ዐባይና ተከዜ ሲሞሉ መንገደኛ ከወዲህና ከወዲያ ማዶ ይቆም እንደ ነበር ስናስታውስ፣ ነገሩ ፈጽሞ እንግዳ አይደለም። የኛን መንገድ የሚዘጋው ግን የውሃው መብዛት ነው፤ የእነርሱን የሚዘጋው ውሃው ውሃም በረዶም ሳይሆን መሰንበቱ ነው። «የውሃ ሙላት» አይሆንም፤ «መንገድ የሚታጣበት ወቅት» ትርጓሜ እንጂ ስም አይደለም። «ማዶ መጠበቂያ» የሚል ሐረግ አስበን ነበር፤ ጊዜን ያመለክት እንደሆነ ወይስ ቦታን አጠራጠረን። በጎጃምም ሆነ በወሎ፣ ወንዝ ለመሻገር የሚጠበቅበትን ጊዜ በአንድ ቃል የሚጠራ የአካባቢ ንግግር ካለ፣ ለዚህ ስፍራ ከማናቸውም አዲስ ፈጠራ እርሱ ይቀድማል።